ስለ ትንሽ ታንኳና ስለ ትጥቋ

ለመንገድ የሚነሣ ሰው የሚሰንቀው ስንቅ የጥበብ ምልክት ነው ወይስ የእምነት ጉድለት? ይህ ጥያቄ በገዳም በር ላይም በገበያ መካከልም ሲመላለስ የኖረ ነው። ባሕታዊው የነገ ምግብ ሳይዝ ወደ በረሃ ሲወርድ በአድናቆት እናወራለታለን፤ ገበሬው ግን ለክረምቱ እህል ሳያኖር ቢገኝ ሰነፍ እንለዋለን፤ ይህንንም ያንንም በአንድ አፋችን ስንናገር፣ የሚመሰገነው እጦትና የሚነቀፈው እጦት የሚለያዩበትን ድንበር የት ላይ እንደ ተከልነው መለስ ብለን የምንመረምር ጥቂቶች ነን። እኔ ጥያቄውን ዛሬ ላነሣው የምፈልገው ሊቃውንት ከሚያነሡበት ስፍራ ሳይሆን ብዙዎች እንደ ጨዋታ ከሚቈጥሩት አንድ ሥራ ነው፤ እርሱም አንድ ሰው ብቻውን በሚቀመጥባት፣ ካያክ በምትባል ጠባብ ታንኳ ላይ ሆኖ ዓሣ ማጥመድ ነው። ይህንን የመረጥሁበት ምክንያት፣ በቤት የተከማቸ ትርፍ ዕቃ በየጓዳው ተሸሽጎ ሲኖር፣ በእንደዚህ ያለች ታንኳ ላይ የተጫነ ሁሉ ግን ለዓይን የተገለጠና በውኃው የተመዘነ ስለ ሆነ፣ ሰው በአምላኩ የሚታመንበትንና በዕቃው የሚታመንበትን ለይቶ ለማየት ከዚህ የተሻለ ስፍራ ስላላገኘሁ ነው።

በአሜሪካ በዋሽንግተን ከተማ ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ የፖቶማክ ወንዝ እየሰፋ ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ በሚወርድበት አገር፣ የእኛም ሰዎች በብዛት ይኖራሉ፤ ከእነርሱም መካከል የዕረፍት ቀናቸውን ለዓሣ የሚሰጡ አሉ። መጀመሪያ ከዳር ቆሞ መንጠቆ የሚጥል ሰው፣ ዓሣው ሁልጊዜ ክሩ ከሚደርስበት ጥቂት ክንድ አልፎ የሚዘል ስለሚመስለው፣ አንድ ቀን ታንኳ ፍለጋ ወደ ሱቅ መግባቱ አይቀርም። በሱቁም የሚያገኛት ታንኳ ከ3 እስከ 4 ሜትር የምትረዝም፣ ከፕላስቲክ የተሠራች፣ ውስጧ ባዶ ላይዋ ድፍን የሆነች፣ ተቀማጩም ከውስጧ ሳይሆን ከላይዋ የሚቀመጥባት፣ ማዕበል የረጨባት ውኃ በወለሏ ቀዳዳዎች ተመልሶ የሚወርድባት ናት። የጣና ሰው ቢያያት እንግዳ አትሆንበትም፤ ከደንገል የምትታሰረው የጣና ታንኳም ተቀማጯን ከላይ በተደረበ የደንገል ንጣፍ ላይ የምታስቀምጥ፣ ውኃ ቢገባባት የማትሰጥም፣ የምትንሳፈፈው በጎኗ ከፍታ ሳይሆን በራሷ በአካሏ ቅለት ነውና። ልዩነታቸው፣ ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሐይቁ እየወጣ በዳር ፀሐይ መመታት ያለበት ሲሆን፣ ፕላስቲኳ ግን ዓመታት ሙሉ ሳትታክት የምታገለግል መሆኗ ነው።

ታንኳይቱን የመረጠ ሰው ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ገና መጀመሩ ነው። ሻጩ መቅዘፊያውን ካሳየው በኋላ መቅዘፊያው እንዳይሄድበት የሚታሰርበትን ገመድ ያሳየዋል፤ ከዚያ የማጥመጃ ዘንግ የሚተከልበትን ቀዳዳ፣ ከዚያ ለቀዳዳው የሚሆን ሁለተኛ ዘንግ፣ ሁለተኛውንም ስላየ ሦስተኛ፤ መልሕቅ፣ መልሕቁን ከኋላ ወደ ፊት የሚያመላልስ ገመድና ቀለበት፣ ከውኃ በታች ያለውን ዓሣ በድምፅ ማዕበል ፈልጎ በመስኮት የሚያሳይ መሣሪያ፣ ለመሣሪያው ባትሪ፣ ለባትሪው ውኃ የማያስገባ ሣጥን፤ ይህን ሁሉ ለመያዝ ደግሞ ከኋላ የሚታሰር የፕላስቲክ ሣጥን። አንዱ ዕቃ ሌላውን ይወልዳል። ሰውዬው በዚያ ቀን ጠዋት ያሰበው አንድ ዓሣ ነበር፤ ወደ ማታ ሲወጣ ግን የዓሣው ነገር ተረስቶ የሣጥኑ ነገር አሳስቦት ይወጣል።

እንግዲህ ወደ መጽሐፍ እንመለስ፤ ዓሣ አጥማጆች የተጠሩበት መጽሐፍ ነውና። ጌታ ሐዋርያትን ለስብከት ሲልካቸው ለመንገድ ምንም እንዳይዙ፣ ከረጢትም እንጀራም ገንዘብም እንዳይሰንቁ ማዘዙን ሦስቱ ወንጌላውያን ይናገራሉ። በበትር ነገር ላይ ግን ቃላቸው ይለያያል፤ ማቴዎስና ሉቃስ በትርንም ሲከለክሉ ማርቆስ ግን በትርን ይፈቅዳል። በአንዲት በትር ምክንያት ሊቃውንት ስንት ዘመን እንደ ደከሙ ለሚያውቅ ሰው፣ የትጥቅ ጥያቄ ከሱቅ የተጀመረ አለመሆኑ ይገባዋል። ይኸው ሉቃስ ደግሞ በሐሙስ ማታ፣ መከራው በቀረበ ጊዜ፣ ጌታ ራሱ ያን ቀድሞ የሰጠውን ትእዛዝ አስታውሶ፣ ያን ጊዜ አንዳች እንዳላጡ ከጠየቃቸው በኋላ፣ አሁን ግን ከረጢት ያለው እንዲይዝ እንዳዘዘ ይጽፋል። ትእዛዙ ተለወጠን? የሚሉ ብዙዎች ናቸው። በየኔታ እግር ሥር የተማረ ሰው እንደሚያደርገው አንድም እያልሁ ብተረጕም፣ የመጀመሪያው ትእዛዝ ለሚቀበሏቸው ሰዎች ተብሎ የተሰጠ ነው፤ ስንቅ የሌለው እንግዳ የሌላውን በር ማንኳኳት ስላለበት፣ ባዶ እጅ መሆን ራሱ የስብከቱ ክፍል ነበርና። አንድም የመጀመሪያው ለሰላም ጊዜ፣ ሁለተኛው ለማዕበል ጊዜ ነው። ይህ ሁለተኛው ትርጓሜ ለነገራችን ይቀርባል፤ በውኃ ላይ የሚያንኳኩት በር የለምና።

የሚያስደንቀኝ ሌላም አለ። ምንም አትያዙ ያለው ጌታ፣ ሕዝቡ በባሕሩ ዳር ሲያጨናንቀው፣ ትንሽ ታንኳ እንድትቈይለት ደቀ መዛሙርቱን ማዘዙን ማርቆስ ይተርካል፤ በማዕበሉም ሌሊት ከኋላ በኩል ተኝቶ የነበረው በትራስ ላይ እንደ ነበረ ያው ማርቆስ ትራሷን ሳይረሳ ይጽፍልናል። በ1986 እ.ኤ.አ. ድርቅ የገሊላን ባሕር ውኃ ባወረደው ጊዜ፣ በጊኖሳር አጠገብ ከጭቃው ውስጥ በዚያ ዘመን አካባቢ የተሠራች አንዲት ጀልባ ተገኝታለች፤ ርዝመቷ 8 ሜትር ከጥቂት፣ ስፋቷ 2 ሜትር ከጥቂት ነው። ከብዙ ዓይነት እንጨት የተጣፈች መሆኗን ያዩ ሁሉ፣ ባለቤቷ አዲስ ሳንቃ መግዛት ያቃተውና ከአሮጌ ጀልባ እየነቀለ የሚጠግን ሰው እንደ ነበረ ገምተዋል። ከሐዋርያትም አንዳንዶቹ የተጠሩት በእንዲህ ያለው ጥገና ላይ ሳሉ ነው፤ ያዕቆብና ዮሐንስ መረባቸውን ሲያበጁ ነበር የተገኙት። ጥሪው መረቡን አስጣላቸው እንጂ መረብ ማበጀትን ኃጢአት አላደረገውም።

ስለ መግቦትና ስለ ጥንቃቄ አንድ ምዕራፍ ብቻ አንብብ የሚለኝ ሰው ቢኖር፣ እኔ የምጠቁመው የሐዋርያት ሥራን 27ኛ ምዕራፍ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ታስሮ ወደ ሮም ሲሄድ፣ ወራቱ አልፎ ነበርና ጕዞው ጕዳት እንደሚያመጣ አስቀድሞ ነገራቸው፤ የመቶ አለቃው ግን ከእርሱ ይልቅ የመርከቡን መሪና የመርከቡን ባለቤት ሰማ። ማዕበሉ ሲበረታ መልአክ ለጳውሎስ ተገልጦ፣ አብረውት ከሚሄዱት ሁሉ አንድም ነፍስ እንደማይጠፋ ነገረው። በዚህ ስፍራ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ ቢያስብ፣ ከሰማይ የመጣ ተስፋ በእጁ ያለ ሰው ከዚህ በኋላ የሚያደርገው ነገር ምን ይቀረዋል? እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አይበቃውምን? ጳውሎስ ግን መርከበኞቹ መልሕቅ የሚጥሉ አስመስለው በትንሿ ጀልባ ሊያመልጡ ሲሉ አይቶ፣ እነዚህ በመርከቡ ካልቈዩ እናንተ ልትድኑ አትችሉም ብሎ ለመቶ አለቃው አስታወቀ፤ ሲነጋጋም ሁሉም እህል እንዲቀምሱ መከረ፣ ራሱም እንጀራ አንሥቶ አመስግኖ በላ። በመርከቡ የነበሩት 276 ነፍስ ነበሩ፤ ከእነርሱ መካከል ዋና የሚያውቁት እየዋኙ፣ የቀሩት አንዳንዱ በሳንቃ አንዳንዱም በመርከቡ ስብርባሪ ላይ ሆነው ሁሉም ወደ ምድር ደረሱ። ተስፋው የተፈጸመው በመርከበኛው ጥበብ፣ በተበላው እንጀራ፣ በተያዘው ሳንቃ በኩል ነው። ከዚህም የተነሣ፣ ትጥቅ ሁሉ አለማመን ነው የሚለውን ቃል ከማንም አፍ ቢወጣ አልቀበለውም። ነገር ግን በዚያው ምዕራፍ፣ ሳንቃው ከመያዙ በፊት በመርከቡ ያለው ዕቃና በመጨረሻም ስንዴው ሳይቀር ወደ ባሕር መጣሉን መርሳት አይገባም። የሚያድነው ትጥቅና የሚያሰጥመው ትጥቅ በአንድ መርከብ ላይ ተጭነው ነበር። ጥያቄው እንግዲህ መታጠቅ ይገባል ወይ የሚለው መሆኑ ቀርቶ፣ የትኛው ነው ሳንቃው የትኛው ነው ጭነቱ የሚለው ይሆናል።

ይህን ለይቶ የሚያስተምር ሰው በካያክ ሥራ ውስጥ ከሁሉ በፊት የሚያደርገውን ልንገር። ጀማሪውን ዘንግ አያስይዘውም፤ ከዳር ብዙ በማይርቅ ጸጥ ባለ ውኃ ላይ አውጥቶ እንዲወድቅ ያዘዋል። ታንኳይቱ ተገልብጣ ሆዷ ወደ ላይ ሲሆን፣ የወደቀው ሰው ከጐኗ ቀርቦ እጁን በሆዷ ላይ አሻግሮ የወዲያኛውን ጠርዝ ይይዛል፤ ጕልበቱን በወዲህኛው ጠርዝ ላይ ተክሎ ክብደቱን ወደ ኋላ ሲጥል ታንኳይቱ ትቃናለች። ከባዱ ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ደረቱን አጠገቧ አቁሞ በክንዱ ብርታት ብቻ ሊወጣ የሚታገል ሁሉ፣ እግሩ በታንኳይቱ ሥር እየገባ ራሱ ላይ ይገለብጣታል፤ ጕልበተኛ ወጣቶች በዚህ ሲደክሙ ቀጫጭን ሴቶች በመጀመሪያው ሙከራ ሲወጡ ማየት የተለመደ ነው። ምሥጢሩ እግርን ወደ ኋላ ዘርግቶ በውኃው ላይ በሆድ መንሳፈፍ፣ እንደ ዋናተኛ እግርን እየመቱ ሰውነትን ወደ ፊት ማንሸራተት፣ እምብርት በመቀመጫው ላይ ሲያርፍ በጀርባ መገልበጥ፣ ከዚያም መቀመጥ፣ እግሮቹንም በመጨረሻ ማስገባት ነው። ይኸው ነገር ልብስ ረጥቦ፣ ትንፋሽ አጥሮ፣ ደጋግሞ እስኪለመድ ድረስ ይሠራል። መነኮሳቱ ዝክረ ሞት የሚሉት፣ መጨረሻን በየቀኑ እያሰቡ መኖር፣ በአካል ቢደረግ ይህን ይመስላል ብዬ አምናለሁ፤ የሚወድቅ መሆኑን የተማረ ሰው ከማይወድቅ መስሎት ከሚሄደው ይልቅ በታንኳይቱ ላይ ዘና ብሎ ይቀመጣልና። ልምምዱንም ጨርሶ ወደ ዳር ሲወጣ፣ በሱቁ ከተዘረዘረለት ዕቃ ውስጥ የትኛው በውኃው ውስጥ እንደ ረዳው፣ የትኛውም በገመዱ እንደ ጠለፈው ሳይነገረው ያውቃል።

ከረዱት ውስጥ ዋናው የሚያንሳፍፈው ሰደርያ፣ ብዙ ሰው ላይፍ ጃኬት የሚለው ነው። ስለ እርሱ የአሜሪካ ፌዴራላዊ ሕግ የሚለው ነገር ለፍልስፍና መምህር ምሳሌ የሚሆን ነው፤ ሕጉ በታንኳይቱ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሰደርያ እንዲገኝ ያዛል፣ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ግን እንዲለብሰው አያስገድድም። ስለዚህም ብዙዎች ከመቀመጫቸው በስተኋላ አስረውት ይሄዳሉ፤ ይህም ማተቡን በሣጥን ቈልፎበት ክርስቲያን ነኝ እንደሚል ሰው ነው። በየዓመቱ በአሜሪካ በጀልባ አደጋ ከሚሰጥሙት ከ10ሩ ከ8 የማያንሱት ሰደርያ ያልለበሱ መሆናቸውን የባሕር ጠባቂው ክፍል ይመዘግባል። የወደቀ ሰው በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሰደርያ ልልበስ ቢል እጁ የማይታዘዝበት ምክንያት አለ። በካናዳ በማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ የሰውነትን ሙቀት የሚያጠኑት ጎርደን ጊስብረክት ነገሩን በሦስት ቍጥር፣ 1-10-1 ብለው አሳጥረውታል፤ ከበረዶ ጥቂት በሚሻል ውኃ ውስጥ የወደቀ ሰው፣ ያለ ፈቃዱ የሚቈራረጠውን ትንፋሽ ለመግዛት 1 ደቂቃ፣ እጅና እግሩን ለማዘዝ 10 ደቂቃ ያህል፣ ኅሊናውን ከመሳቱ በፊት ደግሞ 1 ሰዓት ያህል አለው። ብዙዎች የሚሞቱት በመጨረሻው ሰዓት ውስጥ ሳይሆን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው፤ እነዚያንም ደቂቃዎች የሚያሻግረው የለበሱት ነገር ብቻ ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ ከትንሣኤ በኋላ በዳር የቆመው ጌታ እንደ ሆነ በሰማ ጊዜ፣ ዕራቍቱን ነበርና ልብሱን ታጥቆ ወደ ባሕር መግባቱን ዮሐንስ ይጽፋል፤ ሊቃውንት ይህን ስለ ክብር ነው ይላሉ፣ ትክክልም ነው፤ ሆኖም ለመዋኘት ልብስ የሚለብስ ሰው ያየሁት ከጴጥሮስ ቀጥሎ በካያክ ሰዎች ዘንድ ነው፣ እነርሱ የሚለብሱት ለአየሩ ሳይሆን ለውኃው ነውና።

ካያክን ለዓለም የሰጡት የሰሜን ዋልታ ሕዝቦች ይህን ሁሉ ያለ ሱቅ ያውቁት ነበር። ባሕሩ የጣለላቸውን ግንድ አጥንት አድርገው፣ አቆስጣ የሚባለውን የባሕር እንስሳ ቆዳ አልብሰው ሲሠሯት፣ መለኪያቸው የአዳኙ የራሱ አካል ነበር፤ ርዝመቷ በሁለቱ የተዘረጉ ክንዶቹ ልክ ሦስት እጥፍ ያህል፣ መቀመጫዋም በዳሌው ስፋት ላይ ጥቂት ተጨምሮ። የኖኅ መርከብ በክንድ የተለካች መሆኗን ሁላችንም ተምረናል፤ የዚያች ክንድ ግን የማን እንደ ሆነች የሚጠይቅ የለም። ካያክ ግን የአንድ ሰው ክንድ ናት፤ የአባትየው ታንኳ ለልጁ አትሆንም ነበር። በላይዋም የሚታሰረው ጦርና ከአቆስጣ ቆዳ የተነፋ ተንሳፋፊ፣ እጅ ሳይንጠራራ በሚደርስበት ስፍራ ብቻ ይቀመጥ ነበር። እጅ የማይደርስበት ዕቃ በዚያ ባሕር ላይ ዕቃ አይባልም። ዛሬ በሱቅ የምትሸጠው ታንኳ የሰውን አካል አትለካም፤ የምትሸከመው ክብደት ግን በኪሎ ተጽፎባታል፣ ብዙውን ጊዜም ከ150 እስከ 200 ኪሎ የሚደርስ ነው። ገዢዎች ቍጥሩን ሲያነቡ የራሳቸውን ክብደት ከዚያ ውስጥ መቀነስ ይረሳሉ፤ ሰው ዕቃውን ሲቈጥር ራሱን አለመቍጠሩ አሮጌ ልማድ ነው።

ወደ ሁለተኛው ወገን ትጥቅ፣ ጭነት ወደ ሆነው፣ ስመጣ ቃሌ ትንሽ ይከብዳል። ዓሣን በድምፅ ማዕበል የሚፈልገው መሣሪያ ያለ ጥርጥር ብልህ ነው፤ ጥልቀቱን፣ የወለሉን ዓይነት፣ በመካከሉ የቆመውን ዓሣ እንደ ቅስት አድርጎ ያሳያል። ሐዋርያት ሌሊቱን ሙሉ ደክመው ምንም ሳይዙ ሲነጋ መረቡን በስተቀኝ ጣሉ የተባሉበትን ስፍራ የዛሬ አጥማጅ ቢያነበው፣ ይህንማ መሣሪያዬ ይነግረኝ ነበር እንደሚል እገምታለሁ። ይንገረው። ነገር ግን ዓሣ ማጥመድ ከጥንት ጀምሮ የጸሎት ዘመድ የሆነው፣ የማይታየውን በተስፋ መጠበቅ ስላለበት ነበር፤ ክሩ ሲንቀጠቀጥ የሚመጣው ደስታም ካለማወቅ የሚወለድ ነው። ሁሉን አስቀድሞ ያየ ሰው ዓሣውን ቢይዝም የያዘው የሚያውቀውን ነው። ሦስት ዘንግ በአንድ ጊዜ የሚጥለው ሰው ደግሞ አንዱንም አይጠብቅም፤ ሦስቱን ይቈጣጠራል። እነዚህ ዕቃዎች ከውድቀት አያድኑም፤ የሚያስታግሡት ፍርሃት፣ ባዶ እጄን እመለስ ይሆን የሚለውን ብቻ ነው። ይህ ፍርሃት ደግሞ በመሣሪያ ጠግቦ አያውቅም።

በዚህ ነገር የአገራችን ሐይቅ ምስክር ነው። በጣና ላይ ለብዙ ዘመን የደንገል ታንኳ ብቻ ነበረች፤ የምትሸከመውም የምትደርስበትም ርቀት የተወሰነ ስለ ሆነ፣ በተለይ በታንኳ ሥራ የሚታወቁት የወይጦ ሰዎችም ሆኑ ሌሎቹ አጥማጆች የሚያወጡት ዓሣ በታንኳይቱ ልክ ነበር። በ1986 እ.ኤ.አ. ቤተ ክርስቲያናችንና የኔዘርላንድስ በጎ አድራጊዎች ከመንግሥት ጋር ሆነው፣ ድኻው አጥማጅ ኑሮው እንዲሻሻል በማሰብ፣ ሞተር ያለው ጀልባና የናይለን መረብ አስገቡ። አሳቡ የርኅራኄ አሳብ ነበር፤ የብዙ ሰው ጓዳም ሞልቷል። ሆኖም በጣና ብቻ የሚገኙ፣ ከ15 የማያንሱ ዓይነት ያላቸው፣ ሕዝቡ ነጭ ዓሣ የሚላቸው ወገኖች አሉ፤ ብዙዎቹም በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭና ወደ ግልገል ዓባይ አፍ ይሰበሰባሉ። መረቡም በዚያው ወራት በዚያው አፍ ላይ ተዘረጋ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ዐሥርና ዐሥራ አምስት ዓመታት ነጩ ዓሣ እጅግ መመንመኑን ያጠኑት ሁሉ ጽፈዋል። በዚህ ማንንም ለመውቀስ አልችልም፤ የድኻን እጅ ማበርታት ኃጢአት ነው የሚል አይኖርምና። የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ታንኳይቱ ትንሽ በነበረች ጊዜ ልኩን የምታበጀው ታንኳይቱ ነበረች፣ ልኩን ከታንኳይቱ ላይ ስናነሣ ግን በሰውዬው ላይ ማስቀመጥ ሳናስብ ቀረን። ምናኔ የሚባለውም በገዳም ብቻ የሚፈጸም ሥርዐት መስሎን ስለ ኖርን፣ በሞተር ጀልባ ላይ ያለ ሰው ያስፈልገዋል ብሎ ያስተማረው የለም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። በፖቶማክ ላይ የመጀመሪያ ዓሣውን የሚያወጣ ያገራችን ሰው ብዙ ጊዜ የሚያወጣው ሰማያዊ አምባዛ ነው፤ ይህ ዓሣ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ለመዝናኛ ተብሎ በቨርጂኒያ ወንዞች የተለቀቀ፣ ዛሬ ግን ሌላውን ሁሉ እየበላ ያስቸገረ እንግዳ ነው፤ መንግሥትም አውጡት ብሉት እያለ ይለምናል። ቅርፊት የለውምና፣ በዘሌዋውያን ሕግ ያደገው ሰው ዐሥር ኪሎ ዓሣ ጭኑ ላይ ይዞ በታንኳው መካከል በሐሳብ ይጨነቃል። ለዚህ የሚሆን ትጥቅ ሱቁ አይሸጥም፤ ለጎረቤት መስጠት ግን ይቻላል።

ትጥቅ ሁሉ የማይደርስለት ሌላ አደጋ አለ፤ እርሱን ሳልናገር ብቀር ነገሬ ጐዶሎ ይሆናል። በምዕራብ ግሪንላንድ አዳኞች ላይ ስለሚደርስ አንድ ደዌ የዴንማርክ ሐኪሞች ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምረው ጽፈዋል። ነፋስ በሌለበት፣ ፀሐይ በጠራችበት፣ ባሕሩ እንደ ተወለወለ በተኛበት ቀን፣ ብቻውን ጦሩን ይዞ ሳይንቀሳቀስ የተቀመጠው አዳኝ በድንገት ታንኳይቱ የምትሰምጥ፣ ውኃ በእግሩ ላይ የሚወጣ፣ ሰማይና ባሕር የሚቀላቀሉ ይመስለዋል፤ እጁ መቅዘፊያውን ማንሣት ያቅተዋል። ማዕበል ሲነሣ የማይፈራው ሰው ማዕበል በሌለበት ይሸነፋል። ብዙዎች ከዚህ የተነሣ ዳግመኛ ወደ ባሕር መውጣት ትተዋል። በዳዊት 90ኛ መዝሙር የተጠቀሰውን ጋኔነ ቀትር፣ በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በረሃ የኖረው ኤዋግሪስ የብቸኛ መነኮሳት ጠላት አድርጎ ሲገልጸው፣ ፀሐይ የቆመች፣ ቀኑም የማያልቅ እያስመሰለ በበኣቱ የተቀመጠውን መነኵሴ ሀኬት ውስጥ የሚጥል ነው ይላል። በረሃና ባሕር፣ መነኵሴና አዳኝ፣ እጅግ የተራራቁ ናቸው፤ ሰዓቱ ግን ያው ሰዓት ነው፣ ብቸኝነቱም ያው ነው። የአዳኙን ደዌ የሚያስለቅቀው፣ እንደ ተጻፈው፣ ወይ ነፋስ መጥቶ የውኃውን ፊት መንካቱ፣ ወይም ሌላ አዳኝ ቀዝፎ መጥቶ ከጐኑ መሆኑ ነበር። የሁለተኛው ሰው ሥራ ጐኑን ከጐኑ ማስጠጋት ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ወደዚያ ምንም አትያዙ ወደ ተባለበት ትእዛዝ ስመለስ፣ በመጀመሪያ ንባብ ያለፍሁትን አገኘዋለሁ። ከረጢትና ገንዘብ የተከለከሉት ሐዋርያትም፣ በኋላ የተላኩት ሌሎቹም፣ ሁሉም የተላኩት ሁለት ሁለት ሆነው ነበር። በትር እንኳ ያጠራጠረበት ትእዛዝ ጓደኛን አላጠራጠረም። ባዶ እጅ መሆን የተቻለው እንግዲህ ባልንጀራ ስለ ነበረ ነው፤ ለብቻው የሚሄድ ሰው ደግሞ ያንኑ ጓደኛ የሚተካ ነገር በየሱቁ ሲፈልግ፣ ባትሪና ሣጥን እየገዛ፣ ዘመኑን ይፈጃል። ትርፉ ዕቃ ከምን እንደሚመጣ ብጠየቅ ከስስት ይልቅ ከዚህ ነው የሚመጣው እላለሁ። የምወቅሰውም በእርግጥ ታንኳይቱን አይደለም፤ የተሠራችው ለአንድ ሰው ነው፣ ነገር ግን ሁለት ታንኳ ጐን ለጐን መቅዘፍ የሚከለክል ሥሪት የላትም።

ምን ልግዛ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ስለዚህ የምመልሰው አጭር ነው። ሰደርያውን በልክህ ግዛ፣ ፊሽካም በደረቱ ላይ እሰር፤ ታንኳይቱን ግን የመጀመሪያውን ዓመት ተዋስ ወይም ተከራይ፤ አንድ ዘንግ፣ መንጠቆ የሚነቅል ፒንሳ፣ ገመድ የሚቈርጥ ቢላዋ ይበቃሃል። ከሌላ ሰው ጋር ውጣ። ሰው ካጣህ ከየትኛው ዳር እንደ ተነሣህና በስንት ሰዓት እንደምትመለስ በወረቀት ጽፈህ ለባለቤትህ ወይም ለጎረቤትህ ተው። ይህን ስል፣ እግዚአብሔር ያለሁበትን ያውቃል የለም ወይ ብሎ የሚከራከር አማኝ ሁልጊዜ አይጠፋም፤ ያውቃል፣ ነገር ግን ፈልጎ እንዲያወጣህ የሚልከው ሰው ወረቀቱን ማንበብ ይኖርበታል፣ በጳውሎስ መርከብ ላይ መርከበኞቹ መቅረት እንደ ነበረባቸው ማለት ነው። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ደግሞ በሚያዝያ ወር አየሩ 25 ዲግሪ ሲደርስ ሰው ሁሉ ታንኳውን ወደ ዳር ያወጣል፤ ውኃው ግን በዚያ ወራት ገና ቀዝቃዛ ነው። ለቀዝቃዛ ውኃ የተሠራውን ልብስ ያልገዛ ሰው ግንቦት እስኪያልቅ ቢጠብቅ ይሻለዋል፤ እስከዚያም ታንኳ ይዞ መግባት በሚፈቀድበት የመዋኛ ስፍራ መውደቅና መውጣትን ይለማመድ።